ከበር የተመለሰ ምሳ ዕቃ

እናቴ እስር ቤትን የምታውቀው በምሳ ዕቃ ነበር። በእሷ አገርና በእሷ ዘመን ሰው ሲታሰር ቤተሰቡ ምሳ ዕቃ ይዞ በሩ ላይ ይሰለፋል። ዘበኛው ክዳኑን ከፍቶ ወጡን በማንኪያ ያማስላል፣ እንጀራውን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ያያል፣ ከዚያ ያሳልፋል። ማታ ባዶው ምሳ ዕቃ ሲመለስ እስረኛው ደህና እንደዋለ ይታወቃል። ስለዚህ ታናሽ ወንድሜ እዚህ ለንደን የታሰረ ጊዜ እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስንት ዓመት እንደተፈረደበት አልነበረም።

«ምሳ የሚቀበሉት በስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ።

«እማዬ፣ እዚህ አገር ስንቅ አይቀበሉም።»

«አይቀበሉም? ታዲያ ልጄ ምን ሊበላ ነው?»

«እነሱ ያበሉታል።»

እናቴ እንዲህ ያለ ነገር ስትሰማ አትከራከርም። «እሺ» ትልና ያሰበችውን ታደርጋለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ልንጠይቀው የሄድን ዕለት ከፊንስበሪ ፓርክ ባቡር ስንሳፈር ካፖርቷ ከወትሮው ወፍሮብኛል፤ ብርድ ፈርታ መስሎኝ ዝም አልኩ። መንገድ ላይ ግን የቀይ ወጥ ሽታ ፉርጎውን ሞላው። ዘወር ስል፣ ያችው እናቴ፣ ባለ ሦስት ድርቡን ምሳ ዕቃ በነጠላ ጠቅልላ እቅፏ ውስጥ ይዛዋለች፣ ሰው ሁሉ ያያታል፣ እሷ በመስኮት ታያለች።

በሩ ላይ የነበረው ዘበኛ ቀይ ፊት ያለው ግዙፍ ሰውዬ ነበር። ምሳ ዕቃውን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። እናቴ እንደ ልማዱ ክዳኖቹን አንድ በአንድ ከፈተችለት። አሁንም ራሱን ነቀነቀ። ከቦርሳዋ ማንኪያ አወጣችና ወደ እሱ ዘረጋችው።

«መርዝ መስሎት ነው» አለችኝ በአማርኛ። «ቅመስ በይው።»

እኔ ከማፈሬ የተነሳ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰውዬው ግን ነገሩ ሲገባው ሳቀ፤ የክፋት ሳቅ አልነበረም። ምሳ ዕቃው ሎከር ውስጥ ተቆለፈበትና ባዶ እጃችንን ገባን። ውስጥ ከሻይ መሸጫው ላይ አንድ የድንች ጥብስ ከረጢት ገዛሁ። እናቴ ከረጢቱን ቀደደች፣ አማተበች፣ አንዷን ቁራጭ አነሳችና ጎልማሳ ልጇን «በሞቴ» ብላ አጎረሰችው። አንዲት ዘበኛ መጥታ መነካካት እንደማይፈቀድ ነገረችን። ወንድሜ አቀረቀረ። እናቴ ደግሞ ዘበኛዋ ዞር እስክትል ጠበቀችና ሁለተኛውን አጎረሰችው፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለም እንዴ!

ስንመለስ ባስ ማቆሚያው ላይ ምሳ ዕቃው ተከፈተ። አብረውን ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ አንዲት ከብሪክስተን የመጡ ጃማይካዊት አሮጊት ትዝ ይሉኛል፣ የልጅ ልጃቸው ነበር የታሰረው። እናቴ እንግሊዝኛ የላትም፣ ሴትዮዋ አማርኛ የላቸውም፤ እንጀራውን ግን እኩል ቆርሰው በሉት። ከዚያ በኋላ ምሳ ዕቃው በየጊዜው ይመጣል፣ በየጊዜው ከበር ይመለሳል፣ ባስ ማቆሚያው ላይ ይበላል። እናቴ በሕይወቷ የመጨረሻዎቹን ጥሩ ሽርሽሮች ያደረገችው ወደዚያ እስር ቤት ነበር ብል አልዋሽም።

ወንድሜ ምን አደረገ ለሚል፣ ልናገረው። ሾፌር ነበር። በመኪናው ለሰዎች ዕቃ ያመላልስ ነበር፣ ዕቃውም አደንዛዥ ዕፅ ነበር። አያውቅም ነበር እያልኩ ለእናቴ ስምል ኖሬያለሁ። ያውቅ ነበር። እናቴም የሚያውቅ መሆኑን ታውቅ ነበር፤ ልጄ ነው ብላ ግን ወጥ ሠራች።

በመጨረሻው ክረምት እግሯ ከዳት። መሄድ ሲያቅታት ወንበሯን ወደ ደጁ በር አዞረችው። «ቴሌቪዥኑ እኮ በዚያ በኩል ነው» ስላት «ድንገት ቢለቁትስ?» ትለኛለች። እንዲህ በቀላሉ እንደማይለቁት ብነግራትም አትሰማም፤ በእሷ ዘመን ሰው እንዲሁ በድንገት ይታሰራል፣ እንዲሁ በድንገት ይለቀቃል። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ እዚያው ወንበሯ ላይ፣ ፊቷ ወደ በሩ እንደሆነ አርፋ አገኘኋት፤ የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን ወርደው ዓይኗን ከደኑላት።

ለወንድሜ የነገረው አንድ ዘበኛ ነው። ቀብር መምጣት ትችላለህ ተባለ፤ ግን ሁለት ዘበኞች አብረውት ይመጣሉ፣ እጁም ከአንዱ ጋር ይታሰራል። ማታውን ደወለልኝ።

«እታለም፣ እናቴን በሰንሰለት አልቀብርም» አለኝ። «በቁሟ አዋርጃታለሁ። ቀብሯ ላይ ልድገመው?»

ተቆጣሁት፣ ለመንኩት፣ ስልኩ ተቋረጠ። እናታችንን ያለ ልጇ ቀበርናት። የብሪክስተኗ ሴትዮ ጥቁር ባርኔጣ አድርገው መጥተው ነበር።

ከዓመት በላይ ቆይቶ ተፈታ። በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት፤ ዕቃውን ውስጡ በሚታይ የላስቲክ ከረጢት ይዞ ወጣ። ተቃቀፍን፣ ብዙም አልተነጋገርንም። ቤት ስንደርስ ወንበሩን አየው። አሁንም ፊቱ ወደ በሩ ነበር፤ ማን ያዞረዋል? ዞር ብሎ አለፈውና ጓዳ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ወንበር እንደ ጉድጓድ ነበር የሚዞረው።

እኔ ያልጠበቅሁት የሰዉን ነገር ነው። በዚያን ጊዜ ከፊንስበሪ ፓርክ ጣቢያ እስከ እኛ ሕንፃ ድረስ በእግር የሄደ ሐበሻ ሰላምታ ሳይሰጥና ሳይቀበል አይደርስም ነበር። አሁን ግን ወንድሜ ሲያልፍ ሰዉ ስልኩን ያያል። በርበሬ የምንገዛበት ሱቅ ባለቤት፣ ድሮ «ጎረምሳው!» ብሎ ትከሻውን የሚመታው ሰው፣ ሚዛኑን ሲጠርግ አገኘነው፤ እስክንወጣ ጠረገው። ጠልተውት መስሎኝ ብዙ ሰው በልቤ ረገምኩ። በኋላ ነው የገባኝ። የእኛ ሰው ለሁሉ ነገር ቃል አለው፤ ለወለደች፣ ለታመመ፣ ከመንገድ ለገባ፣ ላስነጠሰ ሳይቀር። ከእስር ለወጣም «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» የሚል ደህና ቃል አለ። ነገር ግን ያ ቃል የተለመደው ግማሹ አገር ያለ ጥፋቱ በሚታሰርበት ዘመን ነው፤ መታሰር የማያሳፍርበት ዘመን። ዕፅ አመላልሶ ለተፈታ ሰው ሲሉት ጉሮሯቸው ላይ ይቆምባቸዋል። ቃል ያጣ ሐበሻ ደግሞ ዓይኑን ይሰብራል።

እኔ ግን ግትር ነኝ። እንዲያ ከሆነ እኔው አስለዋለሁ አልኩና ድግስ ደገስኩ። ሁለት ቀን ስከትፍና ሳቁላላ ከረምኩ፣ የማውቀውን ሁሉ ጠራሁ። መጡ፤ የእኛ ሰው ጠርተውት አይቀርም። ወንድሜን ሸሚዝ አስለበስኩና መሃል አስቀመጥኩት። ሰዉ በልቶ ጠጣና ስለ አየሩ ተጫወተ። አንዷ «ወፍረሃል!» አለችው፣ ወዲያው የት እንደወፈረ ትዝ ሲላት አፏን በእጇ ያዘች። ጋሼ የምንላቸው ጡረታ የወጡ የባስ ሾፌር ነበሩ፤ እሳቸው ሊያግዙኝ ፈልገው እሱ በሌለበት ጊዜ የትኛው ባስ መንገዱን እንደቀየረ አንድ በአንድ አስረዱት። በመጨረሻ አንዱ ሙዚቃ ከፈተና ወንድሜን ለእስክስታ በእጁ ጎተተው። ወንድሜ እጁን ቀስ ብሎ አስለቀቀ፣ መኝታ ቤት ገባና ዘጋ። የመጨረሻው እንግዳ ደረጃውን እስኪወርድ አልወጣም።

ጠዋት ሻይ ስቀዳለት ነገረኝ። እስር ቤት የተዋወቀው አንድ ጓደኛው በሰሜን እንግሊዝ፣ ኒውካስል፣ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ሥራ ያስገባዋል፣ አልጋም አለው። ከእስር የወጣን ሰው የምትከታተለው የፕሮቤሽን ሠራተኛው ፈቅዳለታለች። ፈቃዱን የጠየቀው ከድግሱ በፊት ነበር።

«ኒውካስል? ከእኛ ሰው ማን አለህ እዚያ?»

«ማንም» አለ። «ለዚያ ነው የምሄደው። ሐበሻ የለበትም።»

ሐበሻ የሌለበት ከተማ የለም፣ አላገኘሃቸውም እንጂ ልለው አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። ፊቱን ሳየው የሚያስቀልድ አልነበረም። አውቀዋለሁ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሄደበት የሚቀር ልጅ ነው። እዚያ ከሄደ መጀመሪያ በሳምንት ይደውላል፣ ቀጥሎ በበዓል፣ ቀጥሎ አይደውልም። እናቴን ቀብሬያለሁ፤ እሱንም በቁሙ ልቀብረው መሆኑን ዐወቅሁ።

ያን ቀን ከሰዓት እትዬ መጡ። እትዬ የእናቴ ባልንጀራ ነበሩ፣ ከእኛ አንድ ፎቅ ከፍ ብለው የሚኖሩ፣ ሊፍቱን ስለማያምኑ በከዘራቸው ደረጃውን እየቆጠሩ የሚወርዱ ደቃቃ ሴት። ከድግሱ የተረፈውን ላቀርብላቸው ስል በከዘራቸው መለሱኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ሙያ አለሽ፤ ማስተዋል ግን እናትሽ ይዛው ሄደች» አሉኝ። «ለቅሶ ባለበት ቤት ጭፈራ ይጠራል?»

«የምን ለቅሶ እትዬ? እማዬ ከሞተች ዓመት አለፋት እኮ።»

«ለአንቺ ነው ያለፋት። አንቺ ደረትሽን መትተሻል፣ ሦስት ቀን ተቀምጠሽ ሰው ሲያጽናናሽ ከርመሻል፣ ተዝካሯን አውጥተሻል። እሱስ? ማነው ያረዳው? ዘበኛ! ዘበኛ መርዶ ነጋሪ ነው? ብቻውን ሰምቶ ብቻውን ዋጣት። እርሙን ያላወጣ ሰው ቆሞ እስክስታ ሊመታልሽ ነው?»

ሊሄድ መሆኑን ነገርኳቸው።

«መቼ ነው የሚሄደው?»

«ሐሙስ ጠዋት፣ በአውቶቡስ።»

እትዬ ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው» አሉ፣ «እናትሽ ለእሱ የምትሞተው ሐሙስ ጠዋት ነው። ንፍሮ ቀቅይ።»

ለልጄ ስነግራት ራሷን ያዘች። እዚሁ የተወለደች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ ሁሉን ነገር መመርመር ትወዳለች። «ማሚ፣ ሰርፕራይዝ ፓርቲ አውቃለሁ» አለችኝ። «ሰርፕራይዝ ለቅሶ ግን… ሪያሊ? ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት? ጎረቤቶቹ ፖሊስ ኮል ቢያደርጉስ?»

ፖሊስ ስትል ፈራሁ። ወንድሜ ገና በላይሰንስ ላይ ነበር፤ ቀሪውን ፍርዱን ውጭ ሆኖ የሚጨርስ ማለት ነው። አንድ ነገር ቢበላሽ መልሰው ሊያስገቡት ይችላሉ። እሱም ፖሊስ ከርቀት ሲያይ መንገድ ይቀይር ነበር። ከዚህ ሁሉ የባሰው ፍርሃቴ ግን ሌላ ነው፤ ቢናደድስ? አታለላችሁኝ ብሎ በሰዉ መሃል ሰንጥቆ ቢወጣ፣ ያኔ ዳግመኛ ስልክም አይኖርም። ሁለት ጊዜ እትዬን «ነገሩ ይቅር» ልላቸው ወጥቼ ከደጃቸው ተመለስኩ። ሌላ የማውቀው መላ ስላልነበረኝ ስንዴውንና ባቄላውን ዘፈዘፍኩ፤ ሽታው እንዳይነቃበት በእትዬ ቤት ቀቀልነው።

ሐሙስ ገና ሲነጋ ወንድሜ ሻንጣውን ይዞ ከመኝታ ቤት ወጣ። ጃኬቱን ለብሷል፣ ጫማውን አስሯል። ወንበሩን እንደ ልማዱ ዞረው። «እታለም፣ እስከ ጣቢያ አትምጪ» እያለኝ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ቅርብ የነበረው እሱ ስለሆነ እሱው ከፈተው።

ደረጃው ከላይ እስከ ታች ሰው ነበር። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ወንዶቹ ጥቁር ለብሰዋል። የእኛን ሰው ያን ያህል ዝም ብሎ አይቼው አላውቅም። ከፊት እትዬ ቆመዋል። ደህና አደርክ አላሉም። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ሁለቱንም ክንዶቹን ያዙ።

«ልጄ» አሉት፣ «እናትህ ሞተችብህ።»

ወንድሜ ዞሮ እኔን አየኝ። እኔ ዓይኔን ወዴት እንደማደርገው ጠፋኝ።

«አውቃለሁ እትዬ» አለ ቀስ ብሎ። «አውቃለሁ እኮ።»

«አታውቅም!» ያ ደቃቃ ሰውነታቸው ያን ድምፅ ከየት እንዳወጣው አላውቅም። «ሰው አልነገረህም። እኔ ነኝ የምነግርህ፤ አብሬያት የኖርኩት፣ ዓይኗን የከደንኩት እኔ። እናትህ ሞተች! እናትህ የለችም!»

ከዚያ በኋላ ደረታቸውን መቱና ሙሾውን አወረዱት፦

ዐይኗ እበር ላይ ሆኖ ስትጠብቅህ ኖራ፣
ዛሬ ብትመጣ ማን ይሂድ ሊጠራ?

ሰዉ ተቀበለ። ለቅሶው በደረጃው ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ ታች ወረደ። ሻንጣው ከወንድሜ እጅ ወደቀ። ወደ ኋላ አንድ ሁለት ጊዜ ተራመደ፣ ያ ሲዞረው የከረመው ወንበር እግሩን ነካው፤ ዘወር ብሎ አየው፣ ከዚያ መቀመጫውን አቅፎ ወደቀ። «እማዬ!» አለ። ትንሽ ልጅ እያለ ሲወድቅ እንደሚጣራው። በዚያ ድምፅ እኔም አዲስ ሆኖብኝ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ያለቀስኩትን ለቅሶ ሁሉ ረስቼ እንደገና እናት አልባ ሆንኩ።

ሰዉ ገባ፣ ቤቱ ሞላ። ጋሼ መቀመጫ ሲያጡ የወደቀውን ሻንጣ አስተካክለው ላዩ ላይ ተቀመጡበት። ጋሼ ጴንጤ ናቸው፤ በእምነታቸው ደረት መምታት አይወደድም፣ ለዓመታት በየለቅሶው ላይ ሲገስጹን የኖሩ ሰው። ያን ቀን ከሁሉ የባሰ ያለቀሱት እሳቸው ነበሩ፤ ሻንጣው ከሥራቸው ሲወዛወዝ አሁን ድረስ ይታየኛል።

ይህን ጊዜ ነው በሩ እንደገና የተንኳኳው። የእኛ ሰው አንኳኳክ አልነበረም፤ ልጄ በበሩ ቀዳዳ አየችና ወደ እኛ ዞረች። «ፖሊስ» አለች።

ለቅሶው በአንዴ ቆመ። ሁላችንም ያየነው ወንድሜን ነው። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ሰው የሚገደል መስሏት ደውላ ነበር፤ አልፈርድባትም፣ እኔም ብሆን እደውላለሁ። ልነሳ ስል ወንድሜ ቀድሞኝ ተነሳ። ፊቱ በእንባ እንደራሰ፣ ሸሚዙ ተጎትቶ ወጥቶ፣ በሰዉ መሃል እየተሻገረ ሄዶ ከፈተው። አንዲት ወጣት ሴትና አንድ ወንድ ነበሩ። ሴቲቱ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀችው። እኔ እጄን አፌ ላይ አድርጌያለሁ።

«እናቴ ሞታብኝ ነው» አላት በእንግሊዝኛ።

ይህን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ፖሊሷ በትከሻው አሻግራ እኛን አየችን፤ ነጠላውን፣ ወለሉ ላይ የተቀመጡትን ሴቶች፣ ሻንጣ ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌ። ባርኔጣዋን አወለቀች።

«በጣም አዝናለሁ» አለችው። «መቼ ነው ያረፉት?»

ወንድሜ ወደ እትዬ ዞሮ አያቸው። ከዚያ ወደ እሷ ተመለሰ።

«ዛሬ ጠዋት» አላት።

ማንም ሐሰት ነው አላለም። ስሙን እንኳ ሳትጠይቀው ሄደች፤ ጓደኛዋ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። እትዬ ንፍሮ በሰሃን አስይዘው ልጄን ለታችኛዋ ጎረቤት ላኳት፤ ሰሃኑ ማታ ኬክ ይዞ ተመለሰ።

አውቶቡሱ በሰዓቱ ሄደ። ወንድሜ ሦስት ቀን ፍራሽ ላይ ተቀመጠ። የፕሮቤሽን ሠራተኛዋ ዘንድ ደውሎ ለቅሶ ላይ መሆኑን ነገራት። ሰዉም ቃሉን አገኘ። ዓይኑን ሲሰብርበት የከረመው ሁሉ አሁን የሚለውን ያውቃል፤ እየመጣ እጁን ይዞ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይለዋል፣ አጠገቡ ይቀመጣል፣ ስለ እናቴ ያወራዋል። ባለ በርበሬው ሱቁን ዘግቶ መጣ። ገና እደጁ ሳለ እንባው ይወርድ ነበር። «እናትህ» አለው፣ «በርበሬዬን አንድ ቀን እንኳ ሳትሰድብ ገዝታ አታውቅም።» ወንድሜ ሳቀ። ከተፈታ ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። በሦስተኛው ቀን ሰዉ ሲበተን ጋሼ ከሻንጣው ተነሱ፣ ወንድሜም መኝታ ቤት አስገብቶ ፈታው።

ዛሬ ያ ጊዜ ይናፍቀኛል። ለቅሶ ይናፍቃል ወይ የሚለኝ ይኖራል፤ ይናፍቃል። ሕንፃችን አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ በደረጃው ላይ የማውቀው ሰው አይገጥመኝም። ጋሼ ከልጃቸው ጋር ሊኖሩ ከለንደን ወጥተዋል። እትዬ አርፈዋል፤ ሣጥናቸውን ከተሸከሙት አንዱ ወንድሜ ነበር፣ በነፃ እጁ። ያን ጠዋት የሞላውን ደረጃ ሳስበው፣ ሥራ ያለበት ሥራውን ትቶ፣ ሌሊት ፈረቃ ያደረ ዓይኑን እያሸ፣ ለሞተች ሳይሆን ለቆመ ሰው ሊያለቅስ የመጣ ሕዝብ ነበር።

ባለፈው ክረምት ዋይት ሲቲ የምትኖር አንዲት የአገራችን ሴት ልጇ ሊፈታ መሆኑን ነገረችን፤ እሷ ታማለች፣ ማን ይቀበለው? ወንድሜ እኔ አለ፤ አሁን ለሚፈታ ሁሉ እኔ ማለት ለምዷል። አብሬው ሄድኩ። የእናቴን ምሳ ዕቃ ይዘን በሩ ማዶ ያለው ባስ ማቆሚያ ላይ ተቀመጥን። ልጁ የላስቲክ ከረጢቱን ይዞ ወጣ፤ እዚሁ የተወለደ ረጅም ወጣት ነው፣ አንገቱን ደፍቷል።

«ሶሪ፣ አማርኛዬ ባድ ነው» አለን ገና ሳንጠይቀው።

«ለመብላት አማርኛ አያስፈልግም» አለው ወንድሜና ክዳኑን ከፈተለት። ልጁ መጀመሪያ አፈረ፣ ቀጥሎ እንደራበው ታወቀ። ወንድሜ ጥቂት እስኪጎርስ ጠበቀው። ምን አድርገህ ነው የታሰርከው አላለውም፣ ወዴት ልትሄድ ነውም አላለውም።

«እዚያ እያለህ ማን ሞተብህ?» አለው።

ልጁ ማኘኩን አቆመ። መንገዱን ብዙ አየ።

«አያቴ» አለ። «እሷ ናት ያሳደገችኝ። አልሄድኩም። ሀንድካፍ አድርገው ነው የሚወስዱህ፣ ዩ ኖው?»

«አውቃለሁ» አለ ወንድሜ። «ቀስ ብለህ ብላ። ሰዎቹ ቤት ናቸው፣ እስክንደርስ ይጠብቁናል።»

ልጁ የትኞቹ ሰዎች ብሎ አልጠየቀም። ዓይኑን በክንዱ ጠረገና መብላቱን ቀጠለ። ወደ ባቡሩ ስንሄድ ምሳ ዕቃውን እኔ ያዝኩት። ባዶ ነበር።